ዓይንሽ የት ነበር?

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈራችን አዳራሽ ያቀረብኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች ጽሑፉን ስለጠየቁኝ ከማስታወሻዬ ላይ፣ በተቻለኝ መጠን እንደተናገርኩት አድርጌ ጻፍኩት።

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በእኛ አገር ሰው ሲደናቀፍ ካየን መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው «እኔን!» የሚል ቃል ነው። አስባችሁት ታውቃላችሁ? ለማናውቀው ሰው፣ መንገድ ላይ ለገጠመን ሰው፣ ያንተ ለኔ ይሁን እያልን ነው። ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ። ግን ትንሽ ሳይቆይ ሌላው ይከተላል። «ዓይንህ የት ነበር?» «አታይም እንዴ?» «እያየሽ አትሄጂም?» ዛሬ የመጣሁት ስለዚህኛው ልነግራችሁ ነው።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስትሮክ የመታቸውን፣ ዳሌያቸው የተሰበረውን፣ ጉልበታቸው የተቀየረውን ሰዎች እንደገና ማራመድ ነው ሥራዬ። ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ሳይ ነው የምውለው። እና የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴ ወደቀች።

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው። እዚህ ታች፣ ግንባታው ያለበት አጥር ሥር፣ ወፍራም የውሃ ጎማ የእግረኛውን መንገድ አቋርጦ ተዘርግቶ ነበር። ቀኝ እግሯን አነሳችና አለፈችው። ግራ እግሯን ግን ያዛት። በእጇ ልትደገፍ ስትል የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ጎረቤቶች ወጌሻ ጋ ትሂድ ሲሉ፣ እኔ ራጅ ሳትነሳ የትም አትሄድም ስል፣ በመሀል እሷ እጇን አቅፋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ያኔ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «እማ፣ ዓይንሽ የት ነበር?»

«አይቼው ነበር እኮ ልጄ» አለችኝ። ደግማ ደጋግማ። «አይቼው ነበር እኮ።»

አላመንኳትም። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቀኝ እግሯ እኮ አልፏል! ጎማውን ባታየው ኖሮ ቀኝ እግሯ እንዴት ያልፋል? ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ፤ ትምህርት ቤት በሩጫ ያለፍኳቸውን ነገሮች ሁሉ እንደገና ከሥሩ። ዛሬ በደንብ ልነግራችሁ የምችለው እናቴ እውነቷን እንደነበር ነው። አይታው ነበር። አይተው የሚደናቀፉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከቀላሉ ልጀምር። ደልዳላ መንገድ ላይ ስትራመዱ እግራችሁ ከመሬት ምን ያህል ከፍ የሚል ይመስላችኋል? ታካሚዎቼን ስጠይቃቸው ብዙዎቹ እንዲህ አድርገው ግማሽ ስንዝር ያሳዩኛል። ካናዳ ውስጥ በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ዊንተር የሚባል ትልቅ የአረማመድ ተመራማሪ ነበር። እሱ በ1992 ባወጣው ጽሑፍ (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) እግራችን ወደ ፊት ሲወነጨፍ የእግራችን ጣት ለመሬት በጣም በሚቀርብበት ቅጽበት የሚቀረው ክፍተት 1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን አሳየ። ትንሿን ጣታችሁን አጋድማችሁ እዩዋት። እሷን ታክላለች፣ አለቀ። ያውም ያ ቅጽበት እግራችን በጣም የሚፈጥንበት ነው።

ለምን ከፍ አድርገን አንረግጥም? ስለሚያደክም ነው። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እግር ይነሳል፤ እያንዳንዷን በአምስት ሴንቲ ሜትር ብንጨምር ማታ ቤት የምንገባው ወታደራዊ ሰልፍ ስንሰለፍ የዋልን ያህል ዝለን ነው። ሰውነት ቆጣቢ ነው። መሬቱ ደልዳላ ከመሰለው ለጥቂት ያህል ብቻ ያነሳል። ስለዚህ እግረኛ መንገድ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቅ ያለች ድንጋይ፣ ኮብልስቶኑን ያነጠፈው ሰው «ይቺ ምን ትላለች» ብሎ ትቷት የሄዳት፣ ከሩቅ ጉልህ ሆኖ ከሚታየው ትልቅ ድንጋይ ይልቅ አደገኛዋ እሷ ናት። ትልቁን ታዩታላችሁ፣ ታልፉታላችሁ። ትንሿን ግን ዓይናችሁ «ደልዳላ» ብሎ መዝግቦ ያልፋታል።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። ድንጋይ እየረገጣችሁ ጅረት ተሻግራችሁ ታውቃላችሁ? አያቴ አገር፣ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ከቤቷ በታች ያለው ወንዝ ጎደል ይላል፤ ድንጋዮቹ ጀርባቸውን ያወጣሉ። ልጆች ሆነን ስንሻገር አያቴ ከወዲያ ማዶ ቆማ «እግርሽን አትዪ! ፊትሽን እዪ!» እያለች ትጮህ ነበር። እውነቷን ነው፣ እግሬን ባየሁ ቁጥር ውሃ ውስጥ ነበር የምገኘው። ነገ ሞክሩት፤ ወንዝ ካጣችሁ ዝናብ በጣለ ማግስት ጭቃ ላይ የተጣሉ ድንጋዮችን እየረገጣችሁ ሂዱ። እግራችሁ የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲረግጥ ዓይናችሁ ሦስተኛው ላይ ነው። ሦስተኛውን ስትረግጡ ዓይናችሁ ከዚያ አልፏል። እግርና ዓይን አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተው አያውቁም።

ይህን በመሣሪያ የለኩት ሰዎች አሉ። እዚያው ዋተርሉ የነበረው አፍታብ ፓትላ ከጆአን ቪከርስ ጋር ሆኖ በ1997 ሰዎችን የዓይንን አቅጣጫ የሚከታተል መሣሪያ አስደርጎ እንቅፋት ያለበት መንገድ ላይ አስኬዳቸው። ሰዎቹ እንቅፋቱን የሚያዩት ወደ እሱ ሲጠጉ፣ ገና እርምጃ ሲቀራቸው ነው። በሚሻገሩበት ሰዓት አያዩትም። ዓይናቸው ቀድሞ ሄዷል። በ2018 ደግሞ ቴክሳስ ኦስቲን ላይ ጆናታን ማቲስና ሜሪ ሄይሆ ከላቦራቶሪ ወጥተው ሰዎቹን ድንጋይ የበዛበት የዱር መንገድ ላይ ለቀቋቸው። መንገዱ ሲከብድ ሰዎቹ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ዓይናቸውንም ወደ እግራቸው ያቀርባሉ። ያልተለወጠው ጊዜው ነው። ዓይን ሁልጊዜም እግርን በ1.5 ሰከንድ ገደማ ይቀድመዋል።

ለምን ይቀድማል? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው። መራመድ ማለት ወደ ፊት መውደቅና ራስን መያዝ ማለት ነው። አንዱ እግር መሬት ላይ እንደ ዱላ ይተከላል፣ ሰውነት በሱ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ፊት ያጋድላል፣ ሌላኛው እግር ደርሶ ይቀበለዋል። የመጪው እርምጃ አቅጣጫ የሚወሰነው ኋላ ያለው እግር መሬቱን ገፍቶ በሚለቅበት ጊዜ ነው። ድንጋይ እንደመወርወር ቁጠሩት። ከእጅ ከወጣ በኋላ መንገዱን ብዙም ማረም አይቻልም፤ ስለዚህ ዒላማው መታየት ያለበት ከመወርወሩ በፊት ነው። ማቲስ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2017 ያሳየውም ይህንኑ ነው፣ የሚረገጠው ቦታ ከዚያ በፊት ባለው እርምጃ መጨረሻ ላይ መታየት አለበት፤ እግሩ አየር ላይ ከወጣ በኋላ ዒላማው ቢጠፋባቸውም ሰዎች በትክክል ይረግጡታል።

እንግዲህ «ዓይንህ የት ነበር?» ሲባል መልሱ ይኸው ነው። ሁለት እርምጃ ፊት ነበር። መሆን የሚገባው ቦታ።

ታዲያ እግራችን እንቅፋቱን ሲሻገር በምን እየተመራ ነው? በትዝታ ነው። ይህን በጣም አጥርታ ያሳየችን ድመት ናት።

ድመት አራት እግር አላት፤ ዓይኗ ግን ያለው ፊት ነው። የኋላ እግሮቿ የሚያልፉበትን ነገር አታይም። ቤታችሁ ድመት ካለች ደፉን ስትሻገር ልብ ብላችሁ እዩዋት። የፊቶቹን ታነሳለች፣ ትቆማለች፣ እንደ ልማዷ በሩ መሀል ላይ ቆማ ልውጣ ልግባ ትላለች፣ እናንተ በሩን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ስትሄድ የኋላ እግሮቿ ደፉን ሳይነኩ ያልፋሉ። ወደ ኋላ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

ካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ማክቪና ኪር ፒርሰን በ2006 ይህችኑ ነገር ሞከሩ። ድመቷ በፊት እግሮቿ እንቅፋቱን ትሻገራለች። ልክ እንቅፋቱ በሆዷ ሥር ሲሆን ምግብ ያቀርቡላትና ትቆማለች። እየበላች ሳለ እንቅፋቱን ቀስ አድርገው ከሥሯ ዝቅ ያደርጉታል። አሁን መሬቱ ባዶ ነው። በልታ ስትጨርስ ትሄዳለች፤ የኋላ እግሮቿም ባዶውን አየር እንደ እንቅፋት ቆጥረው ከፍ ብለው ይሻገሩታል። ከደቂቃዎች ቆይታ በኋላም እንዲሁ ነው፣ እስከ አስር ደቂቃ ድረስ።

የበለጠ የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ድመቷ የፊት እግሮቿን ከማንሳቷ በፊት፣ እንቅፋቱን በዓይኗ ብቻ አይታው ከቆመች፣ ትዝታው በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። ማየት ብቻውን አይቆይም። እግር ተነስቶ ካለፈበት ግን ይቆያል። ሰውነት ያደረገውን እንጂ ያየውን ብዙም አይዝም ማለት ነው።

ፈረስም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እና ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣችልኝ በቅሎ ናት። በገደል መንገድ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው መካሪው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፣ ልጓሙን አላላላት፣ መንገዱን ለሷ ተው። የተጠበበ አቀበት ላይ፣ በአንድ በኩል ቋጥኝ በሌላው ገደል ሆኖ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ድንጋዮቹን ታያለች፣ የፊት እግሯን ታስቀምጣለች፣ የኋላው ደግሞ መጥቶ እዚያው ዙሪያ ያርፋል። ልጓሙን ከሳባችሁባት አንገቷ ቀና ይላል፤ መሬቱን አታይም፤ ያላየችውን ደግሞ ለኋላ እግሯ ልትነግረው አትችልም። አያቶቻችን ይህን ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ያውቁት ነበር።

አሁን እናቴ ጋ እንመለስ። እኛ ሁለት እግር ነው ያለን፤ ግን እንቅፋት ስንሻገር አንደኛው የፊት፣ ሌላኛው የኋላ እግር ይሆናል። የመጀመሪያው ሲያልፍ ቢያንስ በዓይናችን ጠርዝ ይታየናል። ሁለተኛው ከኋላችን ነው የሚመጣው። እሱ የድመቷ የኋላ እግር ነው፤ በትዝታ ነው የሚሄደው። አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሸርሊ ሪትዳይክና ባልደረቦቿ ወጣት ጤነኛ ተማሪዎችን አንድ ቦታ ቆሞ የሚታይ እንቅፋት ደጋግመው ሲያሻግሯቸው አልፎ አልፎ ይመቱታል። የሚመታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኋላ የቀረው እግር ነው። ወጣቶች ናቸው፣ ያያሉ፣ እንቅፋቱን ለምደውታል። እንዲያም ሆኖ።

ሳነብ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። «አይቼው ነበር እኮ» ስትለኝ ቀኝ እግሯ ምስክሯ ነበር።

እሺ፣ እንቅፋቱ ከመታን በኋላስ? እዚያ ላይ ዓይንም ትዝታም አይደርሱም፣ ጊዜ የለም። ሥራውን የሚይዘው ህብለ ሰረሰር ነው፤ ከአንጎል ወርዶ በጀርባችን አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ። በ1970ዎቹ ስዊድን ውስጥ ፎርስበርግ፣ ግሪልነርና ሮሲኞል ህብለ ሰረሰሩ ከአንጎል የተቆረጠ ድመት ትሬድሚል ላይ ሲራመድ አየር ላይ ያለ እግሩን ከላይ በኩል ነካ ሲያደርጉት እግሩ እንቅፋት እንዳለፈ ሁሉ ብድግ ብሎ እንደሚያልፍ አሳይተዋል። አንጎል ሳያውቅ! ያው ንክኪ እግሩ መሬት ላይ ሳለ ቢደርስ ግን አይነሳም፣ ይባስ ይጠነክራል፤ ክብደት የተሸከመ እግር ቢነሳ ድመቱ ይወድቃላ።

በሰውም ተመሳሳይ ነገር አለ። ጣታችሁ ገና ከመሬት እንደተነሳ ከተመታ ያው እግር ከፍ ብሎ ያልፋል። ሊያርፍ ሲል ከተመታ ግን ቶሎ መሬት ይይዝና ሌላኛው እግር ነው የሚሻገረው። ይህ ሁሉ የሚጀመረው ከሰከንድ አንድ አስረኛ ገደማ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ጉልበት ይፈለጋል፣ ፈጣን ረጅም እርምጃ ይፈለጋል። ዕድሜ የሚነካው በተለይ እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ ሦስት እርምጃ ይንደረደርና ይቆማል፣ ዞር ብሎ ድንጋዩን በንዴት ያይና ይሄዳል። የሰባ ዓመት ሴት ያቺን አንድ ፈጣን እርምጃ ታጣታለች። እንቅፋቱ አንድ ነው፣ ሁለቱም ያዩት እኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰው በመውደቅ ይሞታል፤ ካልታሰቡ አደጋዎች ውስጥ ከትራፊክ ቀጥሎ ሁለተኛው ገዳይ ይህ ነው። ከሟቾቹ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው የሚሞቱት። እኛ ማለት ነው።

ስለዚህ ለምትንከባከቧቸው ትልልቅ ሰዎች አንድ ነገር አስተምሩልኝ፤ የወንበር መደገፊያ ይዘው መቆምና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዘው ወደ ጎን መራመድ። የእግር ጉልበት ላለመውደቅም ለመትረፍም ወሳኝ ነው። ዝርዝሩን ከንግግሩ በኋላ ለፈለገ አሳያለሁ።

የማይንቀሳቀስ እንቅፋት ይህን ያህል ነገር ካለው፣ የሚንቀሳቀሰውስ? መርካቶን አስቡ። አንዱ ፍራሽ ተሸክሞ «ዞር በሉ!» እያለ ይመጣል፣ አንዷ ልጅ አዝላ ትሄዳለች፣ ጋሪ አለ፣ ሱቅ በደረቴ አለ። እና ሰው አይጋጭም። ይነካካል እንጂ አይጋጭም። እንዴት ነው?

የሚኒሶታ ተመራማሪዎች በ2014 ያሳዩት ነገር ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ሰው ከሌላ ሰው ለመሸሽ የሚለካው ርቀትን አይደለም፣ ጊዜን ነው። ማለትም «ምን ያህል ቅርብ ነው?» ሳይሆን «ለመጋጨት ስንት ሰከንድ ቀረን?» ነው ጥያቄው። ለዚህ ነው ከጎናችሁ ትከሻ ለትከሻ የሚሄደው ሰው ምንም የማይመስላችሁ፤ በጣም ቅርብ ቢሆንም አትጋጩም። ከሩቅ እየሮጠ የሚመጣ ልጅ ግን ገና አስር ሜትር ሲቀረው ሰውነታችሁን ያዞረዋል። ፈረንሳይ ሬን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ የሁለት ሰዎች መንገድ ሲገናኝ ማን ይበልጥ አካሄዱን እንደሚለውጥ አይተዋል። ሁለቱም ይተጋገዛሉ፤ ግን በኋላ የሚያልፈው ይበልጥ ይሠራል። «ቅደም» የሚለው ሰው ነው ሸክሙን የሚይዘው። ደስ አይልም?

ይህ መተጋገዝ የሚሠራው ሁለቱም ሲተያዩ ነው። ጃፓን ቶኪዮ ላይ እነ ሙራካሚ በ2021 ባወጡት ጥናት 27፣ 27 ሰዎች ያሉባቸው ሁለት ቡድኖች ፊት ለፊት እንዲተላለፉ አደረጉ። ያለ ማንም መሪ ሰዎቹ በራሳቸው መስመር መስመር ሠርተው ይተላለፋሉ። ከዚያ በአንደኛው ቡድን ፊት ለነበሩ ሦስት ሰዎች ብቻ ስልክ ተሰጣቸው፣ እያዩ እንዲሄዱ። መስመሩ መሠራቱ ዘገየ። ስልክ ያልያዙትም ጭምር በድንገት ወደ ጎን ዘልለው መሸሽ ጀመሩ። ሦስት ሰው የሁሉንም መንገድ አበላሸ። ስልክ የያዘ ሰው የሚነጥቀን ዓይኑን ብቻ አይደለም፤ ወዴት እንደሚሄድ የምናነብበትን ፊቱንም ጭምር ነው። እባካችሁ መንገድ ላይ ስልክ ሲጠራ ወደ ዳር ውጡና አንሱት። ይህን ከልቤ ነው የምለምናችሁ።

ስለ ዓይን ይህን ያህል አውርቼ ማየት የተሳናቸውን ሰዎች ብዘላቸው ትልቅ ጥፋት ነው። በ1944 አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ላይ አንድ የቆየ ጥያቄ ተፈታ። ብዙ ዓይነ ስውራን ግድግዳ ፊታቸው ሲደርስ ሳይነኩት ያውቁታል፤ «ፊቴ ላይ ይሰማኛል» ይላሉ። ማይክል ሱፓ፣ ሚልተን ኮትዚንና ካርል ዳለንባክ ይህን ፈተሹ፤ ሱፓ ራሱ ዓይነ ስውር ነበር። ፊትን በጨርቅ ሸፈኑ፣ ችሎታው አልጠፋም። ጆሮን ሲደፍኑ ጠፋ። ፊት ላይ የሚሰማው ነገር የገዛ እርምጃቸው ድምፅ ከግድግዳው ነጥሮ ሲመለስ ነበር። የሚሄዱት በጆሯቸው ነው።

ነጭ በትሩስ? ለመታወቂያ ብቻ የሚያዝ ምልክት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ረጅሙ በትር የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ሪቻርድ ሁቨር የሚባል ሰው ዓይናቸው ለጠፋ የአሜሪካ ወታደሮች አጠቃቀሙን አዘጋጀ። ልብ ብላችሁ እዩ። ግራ እግር ወደ ፊት ሲሄድ በትሩ ቀኝ ይነካል፣ ቀኝ እግር ሲሄድ ግራ ይነካል። ለምን? ቀጣዩ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ለማየት ነው። ዓይን የሚሰጠንን ያንኑ የአንድ እርምጃ ቀድሞ ማወቅ በትሩ በእጅ ይሰጣል። ለዚህ ነው ሳናስበው የምናደርጋቸው ነገሮች እንዲህ የሚጎዱት። በትሩ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ክዳኑ የተወሰደ የቱቦ ጉድጓድ አንድ እርምጃ ሲቀር ይገኛል፤ እሱም ከተገኘ። ከወገብ በላይ የተንጠለጠለ ነገር፣ የቆመ አይሱዙ ስፖንዳ፣ የሱቅ ታፔላ፣ ያልተቆረጠ ቅርንጫፍ፣ ፈጽሞ አይገኝም። ፊት ነው የሚመታው። እግረኛ መንገድ ላይ መኪና የምታቆሙ ካላችሁ፣ በሌላ ሰው ዓይን ላይ እያቆማችሁ መሆኑን እወቁልኝ።

ጥያቄ ሲደርስ አንድ አባት ተነሱ። «ልጄ፣ እኔ ደረጃ ስወርድ ነው የሚያስቸግረኝ። ስወጣ ምንም አልል። ስወርድ መጨረሻዋን ደረጃ እስታለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ ያደረጉት መነጽር ሁለት ዓይነት ነው እንዴ፣ ከታች ለማንበቢያ ያለው?» አልኳቸው። «ነው» አሉኝ። አያችሁ፣ የዚያ መነጽር የታችኛው ክፍል ለመጽሐፍ ርቀት የተሠራ ነው። ደረጃ ስንወርድ የምናየው በታችኛው በኩል ነው፤ ደረጃው ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይጠፋል። አውስትራሊያ ውስጥ እነ ስቲቨን ሎርድ በ2002 እንዳሳዩት እንዲህ ዓይነት መነጽር የሚያደርጉ አዛውንቶች የመውደቅ ዕድላቸው ከማያደርጉት ከእጥፍ በላይ ነበር። ከቤት ሲወጡ የሩቁን ብቻ የሚያሳይ ሌላ መነጽር ቢኖርዎት ጥሩ ነው አልኳቸው። እስከዚያው መደገፊያውን ይያዙ።

አንዲት ወጣት ደግሞ ካርቶን አቅፋ ስትሄድ ለምን እንደምትደናቀፍ ጠየቀችኝ። ምክንያቱ ከዚሁ ጋር አንድ ነው። ካርቶኑ ሁለት እርምጃ ፊት ያለውን መሬት ሸፍኖባታል። እናቶቻችን ውሃ በጀርባቸው፣ ልጅ በጀርባቸው የሚያዝሉት ስለሚቀላቸው ነው እንላለን። እኔ ግን ዓይናቸውንም ነፃ ያደርግላቸዋል ባይ ነኝ። ፊት ለፊት ባልዲ አቅፎ አቀበት የወጣ ሰው ያውቀዋል።

ከጥያቄው በኋላ እንዲህ ብዬ ጨረስኩ። እናቴ ዛሬ እዚህ አለች፤ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ነጠላ ያጣፋችው። እጇ ድኗል። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ከፍ ያለ ነገር ባጋጠማት ቁጥር «ሁለተኛው» ትላለች ቀስ ብላ። ኋላ የቀረውን እግሯን እያስታወሰች ነው። እኔም መልመድ ጀምሬያለሁ።

ያ የውሃ ጎማ ተነስቷል። እሱ በነበረበት ቦታ ግን ለቧንቧ ተብሎ የተቆፈረና በአፈር ብቻ የተሞላ ቦይ አለ። ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሩ ይሰምጣል። ትናንት ለካሁት፤ 4 ሴንቲ ሜትር ጎድጉዷል፣ ከጫማ ጣት ክፍተት ሦስት እጥፍ ማለት ነው። የሚመለከተውን ሁሉ ጠይቄያለሁ፣ መልስ አላገኘሁም። ነገ አይደለም፣ በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ 4 ሰዓት ላይ እዚያ አጥር ሥር እገኛለሁ። አካፋ ያለው አካፋ ይያዝ፣ ጋሪ ያለው ጋሪ። ሲሚንቶውን እኔ ገዝቻለሁ።